ጡረታ የተከለከለው ዘማች

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለች የቤተሰብሽን የዘር ሐረግ ሥሪ ተብላ መጣች። በእኔ በኩል ችግር አልነበረም። ማታ አዲስ አበባ ደወልኩ። እናቴ ስልክ ላይ እንዳለች እስከ ሰባት ቤት ቆጠረችልን። ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን የማን ታናሽ እንደሆነ፣ ማን አድዋ እንደዘመተ። ልጄ እየጻፈች ልትደርስባት አልቻለችም። በአባቷ በኩል ስንሄድ ግን ቅድመ አያት ላይ ቆምን።

ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቤተሰቡ የቨርጂኒያ ሰዎች ናቸው። አማቴ ያን ቀን እኛ ቤት ነበሩ። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ከአያቶቻችን አንዱ ከጆርጅ ዋሽንግተን ጋር ዘምቷል እየተባልን ነው ያደግነው፤ ወረቀት ግን አይቼ አላውቅም» አሉ።

ወረቀቱን ለማግኘት አራት ዓመት ፈጀብን። ይህን የምጽፈው እንደኔ አሜሪካዊ ላገቡ፣ ወይም ልጆቻቸው በአንድ በኩል የዚህ አገር ዘር ላላቸው ሰዎች ነው። መንገዱን የሚያሳየን ሰው ቢኖር ሁለቱን ዓመት ባተረፍን ነበር። የቤተሰቡንና የካውንቲውን፣ ማለትም የወረዳውን፣ ስም አልጠቅስም፤ አማቴ እንደዚያ እንዲሆን ፈልገዋል። ዓመቶቹና ወራቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የሠራነው ስህተት ከላይ መጀመራችን ነው። የቤተሰቡን ስም ይዘን ከ1775 እስከ 1783 አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ካደረገችው የነፃነት ጦርነት ዘማቾች መካከል መፈለግ ጀመርን። ከዚያ ደግሞ ገንዘብ ከፍለን የዘር ሐረግ አሠራን። የመጣልን ወረቀት ያምራል፤ በቀለም የተሠራ፣ ከታች ባለቤቴ፣ ከላይ አንድ ዘማች። ከሦስት ወር በኋላ የዚያን ሰው ኑዛዜ ፈልጌ አገኘሁት። ነጭ ገበሬ ነው። ለልጆቹ ካወረሳቸው ንብረቶች መካከል በስም የተጠሩ ባሪያዎች አሉ። ሠሪዎቹ ስሙ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ ነበር የቀጠሉት። ኑዛዜውን ለአማቴ ሳነብላቸው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ይሄ የኛ ሰው አይደለም» አሉ። ወረቀቱን ከግድግዳ ያወረድኩት የዚያኑ ቀን ነው።

ስለዚህ ከራሳችሁ ጀምሩ። ወደ ኋላ አንድ ትውልድ፣ ከዚያ አንድ ትውልድ። እያንዳንዱን ልጅ ከእናትና ከአባቱ ጋር የሚያገናኝ ወረቀት ሳትይዙ ወደ ላይ አትውጡ። ለቅርቦቹ የሞት የምስክር ወረቀት ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ የወላጆች ስም አለበት። ከዚያ በላይ የሕዝብ ቆጠራ ነው። ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ ከ1790 ጀምሮ አለ። ነገር ግን እስከ 1840 ድረስ በስም የሚጻፈው አባወራው ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጆች በቁጥር ይገባሉ። ነፃ ሰው ሁሉ በየስሙ መጻፍ የጀመረው በ1850 ነው። በባርነት የነበሩት አብዛኞቹ ጥቁሮች ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው የሚገኙት በ1870 ነው። ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች 1870 ላይ ግድግዳ ይገጥማቸዋል።

እኛን አልገጠመንም። የባለቤቴ ቤተሰብ በ1850ው ቆጠራ ላይ አለ። አባወራው፣ ሚስቱ፣ አምስት ልጆች፣ ከታች ደግሞ አንዲት አሮጊት። ያ ማለት ባርነትን ካስቀረው የ1861–1865 የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ነፃ ነበሩ ማለት ነው። ይህን ስናውቅ ፍለጋው ተለወጠ። ነፃ ጥቁር ሰው በዚያ ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ወረቀት መኖር አይችልም ነበር። ነፃነቱን በየጊዜው በካውንቲው ፍርድ ቤት ማስመዝገብ ነበረበት። በሕግ ያስጨነቁት ሰዎች ሳያስቡት ለእኛ መዝገብ ትተውልናል።

የወታደር መዝገቦችን በተመለከተ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። በኅዳር 1800 ዋሽንግተን ያለው የጦር ሚኒስቴር ተቃጠለ። የጦርነቱ መዛግብት አብዛኛው ያኔ ጠፋ። ዛሬ የአገልግሎት መዝገብ ተብሎ የሚታየው፣ ከየቦታው ከተሰበሰቡ የስምና የደመወዝ ዝርዝሮች በኋላ ዘመን በካርድ የተገለበጠ ነው። ስለዚህ ካርድ አለመኖሩ ሰውየው አልዘመተም ማለት አይደለም። በተለይ ሚሊሺያ ከሆነ። ሚሊሺያው ለሁለትና ለሦስት ወር እየተጠራ ይዘምትና ወደ እርሻው ይመለስ ነበር፤ የብዙዎቹ ዝርዝር አልተረፈም። ለኛም ካርድ አልነበረንም።

ዋናው ሀብት ያለው የጡረታ ማመልከቻው ላይ ነው። ዋሽንግተን፣ ፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ እንደኛ ወመዘክር በሉት፣ ወደ 80,000 የሚጠጉ የዚያ ጦርነት የጡረታና የመሬት ማመልከቻ ፋይሎች አሉት። መታወቂያ አሳይታችሁ የተመራማሪ ካርድ ታወጣላችሁ፤ ክፍያ የለውም። መሄድ የማትችሉ ከሆነ ፋይሎቹ በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያሉ። ማይክሮፊልሙ ሁለት ዓይነት ነው። ኤም 804 የሚባለው ሙሉው ነው፤ 2,670 ጥቅል። ኤም 805 የሚባለው ግን ከየፋይሉ የተመረጡ ገጾች ብቻ ያሉበት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ መጀመሪያ ያየሁት ኤም 805ን ነበር። በዚህ ምክንያት ለስምንት ወር ያህል የፋይሉን ግማሽ ብቻ ይዤ ቆየሁ። እናንተ በቀጥታ ሙሉውን ጠይቁ።

በፋይሉ ቁጥር ፊት አንድ ፊደል አለ። ኤስ ከሆነ ዘማቹ ራሱ በሕይወት ሳለ ተፈቅዶለታል። ደብልዩ ከሆነ ለሚስቱ ነው የተፈቀደው። አር ከሆነ ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል። ብዙ ሰው አር ሲያይ ያልፈዋል፤ ዋሽቶ ነው ብሎ ያስባል፣ ወይም አልዘመተም ብሎ። እለምናችኋለሁ አትለፉት። የኛ ሰው ፋይል አር ነው።

ለምን ውድቅ እንደሆነ ለመረዳት ሕጎቹን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1818 የወጣው ሕግ ለመደበኛው ጦር ነው፤ ዘጠኝ ወር ያገለገለና የተቸገረ መሆን ነበረበት። በ1820 ደግሞ ንብረቱን ዘርዝሮ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። በነዚያ ፋይሎች ውስጥ ድስቱና ላሙ ሳይቀር ተቆጥሮ ታገኛላችሁ። ሰኔ 7 ቀን 1832 የወጣው ሕግ ግን በሩን ከፈተው። ሚሊሺያም ቢሆን፣ ድሃም ባይሆን፣ በድምሩ ስድስት ወር ያገለገለ ሁሉ ማመልከት ቻለ። በዚያን ጊዜ ዘማቾቹ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌዎች ናቸው። በየካውንቲያቸው ችሎት ፊት እየቀረቡ፣ ምለው፣ የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። ጸሐፊው ጻፈ።

ጥያቄዎቹ ከዋሽንግተን ተዘጋጅተው የተላኩ ናቸው። የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለድክ? ዕድሜህ የተጻፈበት ነገር አለህ? ስትጠራ የት ትኖር ነበር፣ ከዚያስ ወዲህ? ወዶ ዘማች ነበርክ፣ በዕጣ ነው የወጣኸው ወይስ በሰው ምትክ? በሰው ምትክ ከሆነ በማን? የትኞቹን የጦር አለቆች ታስታውሳለህ? የመሰናበቻ ወረቀትህ የት ደረሰ? በሰፈርህ ማን ያውቅሃል? አንድን ሽማግሌ ከልደት እስከ እርጅና የሚያናግር ጥያቄ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ድምፅ ከዚህ በላይ ተጽፎ የሚገኝበት ቦታ አላየሁም።

የኛ ሰው ቃል አራት ገጽ ነው። ጸሐፊው ከስሙ ቀጥሎ ነፃ ጥቁር ሰው መሆኑን ጽፏል። በ1781 መጀመሪያ በአንድ ገበሬ ምትክ ዘመተ። በጄኔራል ላውሰን ሥር ሆኖ ወደ ሰሜን ካሮላይና ወረደ። መጋቢት 15 ቀን ጊልፎርድ ላይ ከእንግሊዙ ጄኔራል ከኮርንዋሊስ ጦር ጋር ሲዋጉ እዚያ ነበር። በጫካው ውስጥ ጭሱ ከመብዛቱ የተነሳ ጓደኞቹን ሊያይ እንዳልቻለ ተናግሯል። በመኸር ደግሞ እንደገና ተጠራ፤ በዚህ ጊዜ ለራሱ ነው የዘመተው። ዮርክታውን ከበባ ላይ ለምሽጉ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ መጥረቢያ ስቶ የግራ እጁን ጀርባ ሰነጠቀው። ጥቅምት 19 እንግሊዞች እጅ ከሰጡ በኋላ እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ ምርኮኞችን እስከ ዊንቸስተር ሸኘ። የመሰናበቻ ወረቀቱ ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ተቃጥሏል።

ከታች ፊርማው አለ። ጸሐፊው ስሙን ለሁለት ከፍሎ ጽፎ መሃል ላይ ክፍት ቦታ ትቶለታል። እዚያ ላይ ራሱ የመስቀል ምልክት አድርጓል። አንደኛው መስመር ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛው ከመሃል ላይ ተንቀጥቅጦ ወደ ታች ወርዷል፤ ብዕሩ ቆሞ ቀለም ያጠራቀመበት ነጥብ ይታያል። የእኔ አያት ቀበሌ ስትሄድ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ነበር የምትፈርመው። ከአሻራዋ በኋላ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገው ነበር። ያንን ምልክት ሳይ እሷን ነው ያየኋት።

ማመልከቻው ተመለሰ። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፤ ስድስት ወር አላገለገለም። ሁለቱ ዘመቻ ሲደመር አምስት ወር አይሞላም። ሰውየው እውነቱን ተናግሮ ነው የቀረበት። አንድ ወር ከምናምን ጨምሮ ቢናገር ማን ያውቅበት ነበር? አማቴ ይህን ሲሰሙ ምንም አላሉም። ማታ ግን ለወንድሞቻቸው አንድ በአንድ ሲደውሉ ሰማኋቸው።

ፋይል ውድቅ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይወፍራል። የተፈቀደለት ሰው አንድ ጊዜ ይናገርና ይጨርሳል። የተከለከለው ግን ምስክር ይጨምራል፣ ጎረቤት ያመጣል፣ ደብዳቤ ያስጽፋል። በኛ ፋይል ውስጥ ከልጅነት ጀምሮ አውቀዋለሁ ያለ የአንድ አዛውንት ነጭ ጎረቤት ቃል አለ። ዘማቹ የት እንደተወለደና እናቱ በማን ቤት እንዳደገች የተናገረው እሱ ነው። ማመልከቻው ወዲያው ተፈቅዶ ቢሆን ኖሮ ይህ ወረቀት አይኖርም ነበር።

አሁን ሌላ ችግር መጣ። በካውንቲው የግብር ዝርዝር ላይ በዚያው ስም ሁለት ነፃ ጥቁር ሰዎች አሉ። የቨርጂኒያ የግብር ዝርዝር ከ1782 ጀምሮ በየዓመቱ ስለሆነ ከቆጠራ ይልቅ ይጠቅማል። አንዱ ሲኒየር፣ ሌላው ጁኒየር ተብሏል። አባትና ልጅ ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ስህተት ነው። በዚያ ዘመን ሲኒየርና ጁኒየር ማለት በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሞክሼዎች ታላቅና ታናሽ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዝምድና ላይኖራቸውም ይችላል። ታላቁ ሲሞት ደግሞ ታናሹ ሲኒየር ተብሎ ቁጭ ይላል። የኛዎቹ የሁለት ዓመት ልዩነት ያላቸው የአክስት ልጆች ሆኑ።

የለየልን የነፃ ጥቁሮች መመዝገቢያው ነው። ቨርጂኒያ ከ1793 ጀምሮ ነፃ ጥቁሮች በጸሐፊው ዘንድ እንዲመዘገቡ ሕግ አወጣች። መዝገቡ ስም፣ ዕድሜ፣ የቆዳ መልክ፣ ቁመት በጫማና በኢንች፣ በአካል ላይ የሚታይ ምልክት፣ በነፃነት የተወለደ መሆኑን ወይም ነፃ የወጣ መሆኑን ይዘረዝራል። ሰውን እንደ ዕቃ እያገላበጡ የጻፉት ነው፤ ሳነበው ሆዴ ይታወካል። ግን እዚያ ውስጥ ከሁለቱ ሞክሼዎች በአንዱ ስም ፊት ለፊት «በግራ እጁ ጀርባ ላይ ረጅም ጠባሳ» የሚል አገኘን። የዮርክታውኑ መጥረቢያ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ሰዎች በየዓመቱ፣ በየወረቀቱ መለየት ቻልን።

ወደ ፍርድ ቤት መዝገብ የገባነው ከዚህ በኋላ ነው። ከጡረታ ፋይሉ ይልቅ እዚህ ብዙ ሰው ይሰለቻል፤ እኔ ግን በጣም የወደድኩት ይህን ክፍል ነው። የካውንቲ ፍርድ ቤት በየወሩ ይሰየም ነበር። ዕዳ፣ ኑዛዜ፣ የወላጅ አልባ ልጆች ጉዳይ፣ የመንገድ ጥገና፣ ሁሉም እዚያ ነው። የየቀኑ ውሳኔ በትልቅ መዝገብ ላይ በአጭሩ ይጻፋል። ሙሉው ክርክር ያለው ግን ባልተጠረዙት ወረቀቶች ውስጥ ነው፤ ታጥፈው በጥብጣብ ታስረው የተቀመጡ። መዝገቡን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፣ ወረቀቶቹንም ጠይቁ።

ከጦርነቱ በኋላ የኛ ሰው ያንን ገበሬ ከሷል። በምትኩ ሲዘምት ትምባሆ ሊከፍለው ቃል ገብቶለት ነበር። በቨርጂኒያ ያኔ ትምባሆ እንደ ገንዘብ ነው የሚቆጠረው። ገበሬው አልከፈለም። በመዝገቡ ላይ የሁለቱ ስም አለ፣ ከጎኑ «ለሚቀጥለው ችሎት ተቀጠረ» ይላል። ገጽ ገለበጥኩ፤ ተቀጠረ። ሌላ ወር፤ ተቀጠረ። ቀጠሮ ማለት ምን እንደሆነ ያገራችን ሰው ያውቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕጉ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ እንዲመሰክር አይፈቅድም ነበር። መክሰስ ይችላል፣ ስለ ራሱ ጉዳይ ግን አፉን ከፍቶ መመስከር አይችልም። ከአንድ ዓመት በላይ ተመላለሰ። በመጨረሻ «ተስማምተዋል» ተብሎ ተዘጋ። በስንት እንደተስማሙ አልተጻፈም። በሚቀጥለው የግብር ዝርዝር ላይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከስሙ ጎን አንድ ፈረስ ተመዝግቧል። ከትምባሆው የገዛው ይሁን አይሁን ማረጋገጥ አልችልም፤ ለልጄ ስነግራት ግን ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አሳየኋት።

ሌላው ሊታለፍ የማይገባው የሥራ ማስለመጃ ትእዛዝ ነው። ድሃ የሚባሉ ነፃ ጥቁር ልጆች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጌታ እየተሰጡ ያድጉ ነበር፤ ከነፃነት ጦርነቱ በፊት ይህን የሚያስፈጽሙት የቤተ ክርስቲያን ሹሞች ናቸው። ትእዛዙ ብዙ ጊዜ የእናትን ስም ይጠቅሳል። አዛውንቱ ጎረቤት የሰጠው ቃል ወደዚያ መራን። የዘማቹን እናት ገና ልጅ ሳለች ለአንድ ቤተሰብ የተሰጠችበትን ትእዛዝ አገኘን። የወለደቻት ነጭ አገልጋይ ሴት መሆኗን ይናገራል። በ1662 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ይላል። ለብዙዎች የባርነት ሰንሰለት የሆነው ያ ሕግ ለዚህች ልጅ በተቃራኒው ሠራ። ቤተሰቡ በነፃነት የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ትእዛዝ ላይ ቀኑ ግራ ሊያጋባችሁ ይችላል። በመዝገቡ ላይ ከታኅሣሥ 1748 ቀጥሎ የሚመጣው የካቲትም 1748 ይላል። የተሳሳተ አይደለም። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ በድሮው አቆጣጠር ነበሩ፤ አዲስ ዓመታቸው መጋቢት 25 ነው። በ1752 መስከረም 2 ብለው አድረው በማግስቱ መስከረም 14 አሉ። ለአሜሪካውያን ይህን ማስረዳት ይከብዳል። በሁለት አቆጣጠር ለኖርን ለኛ ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው የሰማውን ይጽፋል። የቤተሰቡን ስም በአምስት ዓይነት ፊደል አግኝተነዋል፣ በአንድ ወረቀት ላይ በሁለት ዓይነት ጭምር። የወንድሜ ስም በፓስፖርቱና በአረንጓዴ ካርዱ ላይ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ይህ አልገረመኝም። ድምፁን እያሰባችሁ ሁሉንም ዓይነት ሞክሩ። አሁን ፋሚሊ ሰርች የተባለው ነፃ ድረ ገጽ የእጅ ጽሑፉን ራሱ አንብቦ በቃል የሚፈልግ መሣሪያ አለው። ማውጫ የሌለው የውልና የኑዛዜ መዝገብ ውስጥ ስም ያወጣል። ክሱን ያገኘሁት በእሱ ነው።

ተስፋ ከማድረጋችሁ በፊት ካውንቲያችሁ መዝገቡ የተረፈ መሆኑን ጠይቁ። ሚያዝያ 1865 የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ ስትቃጠል ብዙ ካውንቲዎች ለጥንቃቄ ብለው እዚያ ያስቀመጡት መዝገብ አብሮ ነደደ። እንደዚያ ከሆነ የግብር ዝርዝሩ ይረዳችኋል፤ የክፍለ ግዛቱ ቅጂ ተርፏል። ሪችመንድ፣ ብሮድ ጎዳና ላይ ያለው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ማይክሮፊልሙን ይዟል። ሠራተኞቹ ትዕግሥተኞች ናቸው። ምሳ ቋጥራችሁ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። አሥር ጥያቄ ይዤ የሄድኩ ቀን አንዱንም ሳልመልስ ነው የመጣሁት።

ወደ ፋይሉ ልመለስ። ከስምንት ወር በኋላ ሙሉውን ኤም 804 ስከፍት ያልጠበቅኩት ነገር ወጣ። ከውድቅ ቁጥሩ ቀጥሎ ሌላ ቁጥር አለ፤ መጨረሻው 160-55 ይላል። የመሬት ማዘዣ ነው። በ1855 የወጣው ሕግ አሥራ አራት ቀን ላገለገለ ሁሉ፣ ከሞተም ለሚስቱ፣ 160 ኤከር መሬት ፈቀደ። ለጡረታ አምስት ወር አልበቃ ያለው ሰው ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። እሱ ከሞተ ቆይቷል። ያመለከተችው ሁለተኛ ሚስቱ ናት። በ1850ው ቆጠራ በልጇ ቤት፣ ከአምስቱ ልጆች በታች የተጻፈችው አሮጊት። በካውንቲው ዳኛ ፊት ቀርባ፣ በሁለት ምስክር ማንነቷን አስመስክራ፣ ባሏ በ1832 የሰጠው ቃል እንዲታይላት ጠየቀች። ያ ውድቅ የሆነ ወረቀት ከሃያ ዓመት በላይ ዋሽንግተን ተቀምጦ ቆይቶ መሰከረላት። እሷም የፈረመችው በመስቀል ምልክት ነው።

መሬቱ የት ደረሰ? የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ ላይ የማዘዣው ባለቤትና መሬቱን በመጨረሻ የወሰደው ሰው ስም አብረው ይወጣሉ። ማዘዣዎቹ ከ1852 ጀምሮ መሸጥ ይችሉ ነበር። እሷም ሸጣዋለች። መሬቱ አዮዋ ነው፤ የወሰደው የማናውቀው ሰው ነው። ዋናው ማዘዣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ አለ፤ ሽያጩ በጀርባው ላይ ተጽፏል። ኮፒውን ያዘዝኩ ቀን ባለቤቴ በካርታ ላይ ቦታውን ፈለገው። በቆሎ ማሳ ነው። ለረጅም ጊዜ አየው።

ሁሉንም ለእናቴ በስልክ ተረኩላት። ስለ ጠባሳው ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ለልጄ አቀብይኝ አለችና ከዘማቹ ጀምራ እስከ እሷ ድረስ እንድትቆጥርላት ጠየቀቻት። ልጄ ስምንት ቆጠረች። አንዱን ዘለለች፤ አማቴ ከጎን ሆነው አረሟት።

አሁን የቀረን የዘማቹ ሴት አያት ናት፤ ያቺ ነጭ አገልጋይ። በትእዛዙ ላይ ስሟ ተጽፏል፣ ግን ወረቀቱ ጥግ ላይ ተበልቶ የአባቷ ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደል ብቻ ቀርቷል። የዚያን ዘመን ያልተጠረዙ ወረቀቶች ሪችመንድ ናቸው። በፋሲካ ዕረፍት አማቴን ይዤ እሄዳለሁ። ምሳውን እሳቸው እቋጥራለሁ ብለዋል።